የግራው ጎን

«በሳምንት አንድ ጊዜ አስነሣልኝ» ነበር ያለኝ፤ «ንዳልኝ» አላለም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር።

ቁልፉን የሰጠኝ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከፍተሻው ሰልፍ አጠገብ ቆመን ነው። ወዳጄ እናቱ አርፈውበት ወደ አዲስ አበባ ሊበር ነበር፤ ቀብራቸው ግን አልፏል። ሐሙስ ያረፉትን እናቱን ያረዳነው ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው፤ እንደ ወጉ ተሰብስበን፣ በማለዳ በሩን አንኳኩተን፣ አስቀድሞም ሥራ ቦታው ላይ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ሊደውሉለት የሚችሉትን ሁሉ አስጠንቅቀን። እኔ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አውቅ ነበር። ዓርብ ዕለት እንዲያውም አብሬው ቡና ጠጥቻለሁ፤ ስለ ሞተር ሳይክሉ ጎማ ሲያወራኝ ፊቴን አስተካክዬ አዳምጬዋለሁ። ለቅሶው ጥቂት ጋብ ሲል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አንተ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» ነገርሁት። አልተቆጣም። በአውሮፕላን ማረፊያው ግን ቁልፉን መዳፌ ላይ ካስቀመጠ በኋላ እጄን ሳይለቅ፣ «ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ» አለኝ።

ሞተር ሳይክሉ የ2009 (እ.ኤ.አ.) ካዋሳኪ ኒንጃ ነው፤ 249 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቀለሙም ካዋሳኪ ከ1969 ጀምሮ የእሽቅድምድም መለያው ያደረገው ያ የሎሚ አረንጓዴ። በመጀመሪያው እሑድ ቃሌን ጠበቅሁ። መሸፈኛውን ገልጬ አስነሣሁት፤ አሥር ደቂቃ ያህል አጠገቡ ቆሜ ድምፁን ሰማሁና አጠፋሁት። በሁለተኛው እሑድ ግን የጥቅምት ፀሐይ ወጣች፤ የቨርጂኒያ ዛፎች ቅጠላቸው ወርቅና ደም መስሏል። ለራሴም አንድ ምክንያት አዘጋጀሁለት፤ ባለበት ቆሞ የሚነሣ ሞተር ባትሪውን በደንብ አይሞላም፤ ጥቂት መነዳት አለበት። ነገሩ እውነት ነው፤ ያታለለኝም እውነት ስለሆነ ነው።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ልምዱም አለኝ። አገር ቤት በገጠር ሥራ ላይ ሳለሁ ለዓመታት ያማሃ ዲቲ ነድቻለሁ፤ በጭቃም በኮረኮንችም ከእርሱ ጋር ወድቄያለሁ። ዲቲ ግን እርቃኑን የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ ሲወድቅ መሪውን አቃንተህ፣ ጭቃውን ጠርገህ ትቀጥላለህ። ኒንጃ እንዲያ አይደለም። ከወዳጄ ቤት ብዙም ሳልርቅ ወደ ግራ ስታጠፍ፣ ሌሊት ዝናብ ያራሰው የቅጠል ምንጣፍ ላይ የፊት ጎማው ሸተት አለ። ፍጥነቴ ከሚሮጥ ሰው ፍጥነት ብዙም አይበልጥም ነበር። 170 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር በጎኑ ሲተኛ እንደ ብረት ይጮኻል ብዬ ነበር የምጠብቀው። አልጮኸም፤ እንደ ደረቅ ቅል ቀጭ አለ።

ጉልበቴ ተላጠ፤ ከዚያ በቀር ደኅና ነበርሁ። የግራው ስፖኪዮ ተፋፍቋል፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፉ ተሰብሯል፤ ፍሬቻው በሽቦው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። የግራው ጎን ልብሱ ግን ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ አየር ማስወጫው ድረስ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተሰንጥቋል፤ ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ጆሮዎችም ተቆርጠዋል።

በዚያው ዕለት መደወል ነበረብኝ። አልደወልሁም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠን ሰው፣ የሚያስተዛዝነው ሰው በየደቂቃው በሚገባበት ሰዓት፣ ስለ ፕላስቲክ ማስቸገር ምን ይሉታል? ደግሞስ ክፉ ወሬ ጊዜ ጊዜ አለው የምንል ሰዎች አይደለንም? ሁለት ቀን የደበቅሁትን መርዶ ያስፈቀደልኝ ወግ ይህንንም የሚያስፈቅድልኝ መሰለኝ። አርባቸው እስኪወጣ ድረስ ብዬ ወሰንሁ። እስከዚያም ሥራዬ፣ ሲመለስ ምንም እንዳልሆነ ማስመሰል ነበር።

አንባቢ ይህ ፌሪንግ የሚባለው ልብስ ስለ ምን እንዲህ ያስጨንቃል ይል ይሆናል። ፌሪንግ ነፋስ የሚሰነጥቅ ልብስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ፣ እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለእሽቅድምድም የተሠሩ ሞተሮች ቀድመው ለበሱት። ለተራ ገዢ በብዛት ከተመረቱት መካከል ሙሉ ልብስ ለብሶ በመውጣት ቀዳሚው በ1976 የታየው የቢኤምደብልዩ አር 100 አርኤስ እንደሆነ ይነገራል። በ249 ሲሲ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብሱ ከነፋሱ ይልቅ ለዓይን ነው። በዚያ ላይ ውድ ነው። በአሜሪካ አገር አንድ አሮጌ ኒንጃ ቆሞ ባለበት ቢወድቅና ሁለት ጎኑ ቢሰነጠቅ፣ የአዲሱ ፕላስቲክ ዋጋ ከሞተር ሳይክሉ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ኢንሹራንስ «ጠፍቷል» ብሎ ሊዘጋው ይችላል፤ ልቡ ምንም ያልሆነ ሞተር በልብሱ ምክንያት ለሐራጅ ይወጣል ማለት ነው።

መንገዶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከፋብሪካው የሚመጣው አዲስ የግራ ጎን ብቻውን ከ200 ዶላር በላይ ነበር፤ ላይብረሪ ተቀምጬ ከባንክ ሒሳቤ ጋር ካስተያየሁት በኋላ ገጹን ዘጋሁት። ሙሉውን ልብስ ቀለም ተቀብቶ፣ ጽሑፉ ተለጥፎ ከቻይና የሚልኩ አሉ፤ ዋጋው ከአንድ የፋብሪካ ጎን ብዙም አይርቅም። ይህን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ በግፊት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ የተረጨ ነው ወይስ ሉሁ ሞቆ ቅርጽ ላይ የተጫነ? የመጀመሪያው ፋብሪካው ራሱ የሚሠራበት ዘዴ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ ከቦታቸው ይገጥማሉ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ገዢው በመሰርሰሪያና በጸጉር ማድረቂያ ሲታገል ይከርማል። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ሙሉ ልብስ ቀይሬ ብቆየው ወዳጄ በሩቁ ይለየዋል። አሮጌ ጎን ከተፈታ ሞተር ሳይክል መግዛትም ይቻላል፤ በዚያ ሳምንት ያገኘሁት ግን ጥቁር ነበር፤ በአረንጓዴ ፊት ላይ ጥቁር ጉንጭ። የቀረኝ መጠገን ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። የወደቀ ሰው መጀመሪያ ስብርባሪውን ይልቀም። እኔ በድንጋጤ ትቼው ስለሄድሁ ማታ በባትሪ ተመልሼ ቅጠል ለቅጠል ስፈልግ አመሸሁ። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ቀለበት የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ጎንበስ አለ። አንደኛውን ጆሮ አገኘነው፤ ሁለተኛው እዚያው ቀረ።

ልብሱን የፈታሁት እዚያው እርሱ ግቢ፣ ሞተር ሳይክሉ ከሚቆምበት ጣሪያ ሥር ነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የልብሱን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥዬ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ ሰካኋት፤ ይህን ያላደረገ ሰው መጨረሻ ላይ ሦስት ብሎን ይተርፈዋል። የግራና የቀኝ ጎኖቹ ከሞተሩ በታች ስለሚገናኙ የቀኙንም መፍታት ግድ ሆነ። ፈትቼ ገለበጥሁት።

የቀኙ ጎን ከውስጥ ተጠግኗል።

ከውጭ ምንም አይታይም፤ ቀለሙ በጥሩ እጅ ተቀብቷል። ከውስጥ ግን ከመሐል እስከ ጠርዝ የሚወርድ አሮጌ ስንጥቅ አለ፤ ቢጫ የመታ ማጣበቂያ በላዩ ተዝረክርኳል፤ በማጣበቂያው ሥር ደግሞ ለድጋፍ የተደረገ ቁራጭ የፕላስቲክ ካርድ። ወዳጄ ይህን ሞተር ሳይክል አሮጌ ነው የገዛው፤ ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት ሥራ ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ካርዱን በባትሪ ሳየው ግን የድሮ የስልክ ካርድ ነው፤ ያኔ ከሐበሻ ሱቅ ገዝተን፣ ቁጥሩን ፍቀን አገር ቤት እንደውልበት የነበረው ዓይነት። ከተቆረጠው ጫፍ ላይ «ኢትዮ» የሚሉ ሦስት የአማርኛ ፊደላት ይነበባሉ።

ወዳጄ ስለዚህ ሞተር ሳይክል በየማኅበሩ የሚናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። «እኔ እጅ ከገባች መሬት ነክታ አታውቅም» ይላል።

ከብሎኖቹ መካከል ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ አፈርሁ። ሳላስፈቅድ የሰው ጓዳ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ማጣበቂያው ጥሩ ሥራ አልነበረም። የዚህ ዓይነቱ ማጣበቂያ ፕላስቲኩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከፕላስቲኩ ጋር አይዋሐድም፤ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ልብሱ ግን በሞተሩ ንዝረት ዘወትር ይተጣጠፋል። ከጥገናው ጎን አዲስ ቀጭን መስመር ጀምሮ ነበር። ላጠናክርለት እጄ ከጅሎ ነበር፤ አልነካሁትም።

የግራውን ጎን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ከውስጥ በኩል በትንሹ ኤቢኤስ የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። ይህ ጽሑፍ ለጠጋኝ ትልቅ ነገር ነው። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል፤ አሴቶን ማለት ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያጠፉበት ፈሳሽ ነው። ጽሑፍ የሌለው ስብርባሪ ከሆነ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው፤ የሚያጣብቅ ከሆነ ኤቢኤስ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ካልመሰለው ሌላ ነው። ውኃ ውስጥ ሲጨመር የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለእርሱ አሴቶን አይሠራም።

አያቴ የሚጠጡበት ቅል ነበራቸው። ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁን ግራና ቀኝ በወስፌ በስተው በክር ሰፍተውታል። ልጅ ሳለሁ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የምወደው ያንን ነበር፤ ስፌቱ ከውጭ ስለሚታይ፣ በጣቴ እየተከተልሁ እቆጥረው ስለነበር። የእኔም ሥራ ስፌት ነው፤ ነገር ግን በውስጥ በኩል። በመጀመሪያ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሮጥ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ። ሁለቱን ከንፈሮች በውጭ በኩል በፕላስተር አገጣጠምሁ። ከዚያ ሽቦን አግሎ ፕላስቲክ ውስጥ የሚቀብር ርካሽ መሣሪያ አለ፤ በእርሱ ሞገድ ቅርጽ ያላቸውን ሽቦዎች ስንጥቁን አሻግሬ አንድ በአንድ ቀበርኋቸው። 18 ሽቦ ገባ። ይህ ሥራ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ጢስ ክፉ ነው። በረንዳ ላይ፣ በሩን ዘግቼ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ነው የሠራሁት። አሴቶኑም እሳት በአንድ አፍታ ስለሚይዝ፣ የጋለ ነገር እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን አልከፍትም።

በውጭ በኩል ስንጥቁን የሚሞላው ልጥፍ ከየት ይምጣ? ያው ከኤቢኤስ። የሌጎ መጫወቻ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ከሎሚ አረንጓዴ ሌጎ እንቁራሪት ሠርታ ነበር። ለመንኋት። ነገሩን በጥሞና ካጤነች በኋላ እንቁራሪቱን አፍርሳ ሰጠችኝ።

«ለምንድን ነው?» አለች።

«የጋሼን ሞተር ልሠራበት ነው።»

«እሱ ያውቃል?»

«ገና ነው።»

«ሰርፕራይዝ ነው?» አለች፤ ዓይኗ በራ።

«አዎ» አልኋት።

ሌጎውን ቆራርጬ በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አሴቶን አፈሰስሁበት። በማግሥቱ ማር መስሎ ወፍሯል። ይህ ልጥፍ የሁለቱንም ወገን ፊት ጥቂት አሟሙቶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ ማጣበቂያ የማያደርገውን ማለት ነው። ነገር ግን አሴቶኑ ሲበንን ይሰንቃል፤ ስለዚህ በስስ በስሱ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየተቀባ ይኬዳል። በኅዳር ብርድ አንዱ ድርብ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። የጠፋውን ጆሮ የሠራሁት ደግሞ ከአንድ ጠፍጣፋ ሌጎ ነው፤ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከልብሱ ውፍረት ጋር ተቀራራቢ። በዚያው ልጥፍ አጣብቄ፣ በሽቦ አስሬ፣ ቀዳዳውን በሳሁለት። ልጄ መጥታ አየችውና «የእንቁራሪቱ እግር» አለችው። ፍሬቻውንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨምሮ ወጪው ሁሉ ከ70 ዶላር አልዘለለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወዳጄ በየሳምንቱ ይደውላል። ስለ ለቅሶው፣ ስለ ወንድሞቹ፣ ስለ እናቱ ቤት ያወራል፤ በመጨረሻ ሁልጊዜ «ሞተሯስ?» ይላል። «ትነሣለች» እለዋለሁ። ሐሰት አይደለም። ዓርብ ዕለት በቡናው ላይ ስለ ጎማው ሲያወራኝ ያዳመጥሁበት ፊት ግን ስልኩ ላይ ሆኜ ይመጣብኝ ነበር። እርሱ የማያየው ፊት ነው።

በብርጭቆ ወረቀት በ80፣ በ220፣ በ400 ፍቄ ስጨርስ ጥገናው ለእጅ አይታወቅም ነበር። ለዓይን ግን ይታወቃል፤ የሌጎው አረንጓዴ ትኩስ ነው፤ የልብሱ አረንጓዴ ዓመታት ፀሐይ የጠጣ። የሚረጭ ቀለም ገዝቻለሁ። በብልሃት ብረጨው፣ ጠርዙን ባደበዝዘው፣ ከሁለት እርምጃ ማንም አይለየውም። ጣሳውን አንሥቼ አራገብሁት፤ ውስጡ ያለችው ጥይት ስትንኳኳ ሰማሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። የቀኙ ጎን ትዝ አለኝ። ያም በጥሩ እጅ ተቀብቶ ነበር።

አርባቸው ሰኞ ዋለ። ማክሰኞ ማታ ደወልሁለት፤ አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ ነግቷል። ነገርሁት። አስነሣልኝ ብሎኝ እንደነዳሁት፣ የወደቀበትን ቦታ፣ የተሰበረውን አንድ በአንድ። የቀኙን ጎን ግን አላነሣሁም።

መስመሩ ዝም አለ። ከኋላው ዶሮ ይጮኻል።

«አንተስ?» አለ።

«ጉልበቴ ተላጦ ነበር፤ ድኗል።»

«መቼ ነው?»

መልሱን አስቀድሜ ቆጥሬው ነበር። «23 ቀን ሆነው» አልሁ።

አሁንም ዝም አለ። ቁጥሩን ከሁለቱ ቀናት ጋር እየደመረው እንደሆነ ገመትሁ፤ ላይሆንም ይችላል። «እኔ ለአርባው ብዬ ነው» ልለው አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት። ለፕላስቲክ አርባ አይወጣለትም።

«ቀለም ቀብተኸዋል?» አለኝ በመጨረሻ።

«ገና።»

«ተወው። እንዳለ ልየው።»

የመጣ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ ቤቱ ወሰድሁት። ከስቶ ነበር፤ ጸጉሩንም ተላጭቷል። ሻንጣውን ሳያወርድ ወደ ጣሪያው ሥር ሄዶ መሸፈኛውን ራሱ ገለጠ። ደማቅ አረንጓዴው መስመር ከታች ጠርዝ ተነሥቶ አየር ማስወጫው ድረስ ይወጣል። ቁጢጥ ብሎ አየው። እጁን በልብሱ ሥር አሾልኮ በውስጥ በኩል ሽቦዎቹን በጣቱ መከተል ጀመረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይቆጥራል።

«18» አለ።

«18 ናቸው።»

ተነሥቶ በፊት በኩል ዞረ። በቀኙ ጎን ላይ መዳፉን አሳረፈ፤ ለስላሳ፣ በደንብ የተቀባ፣ ምንም የሌለበት። እዚያው ቆየ።

«ይቺንም ፈትተሃታል?»

«ከታች ስለሚገናኙ ግድ ነው» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የስልክ ካርዱን ነገር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ጥቂት ቆይቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ ቁልፉን እየጠየቀኝ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። በጫማው ጎማው ሥር የተከማቸውን ቅጠል ገፋ ገፋ አደረገና አስነሣት።